ናፍጣ ወይስ ሃይብሪድ? በባሕር ዳር–እንፍራንዝ–ጎንደር መንገድ ስንመዝናቸው

ነዳጅ ለማግኘት ሰልፍ በሚታደርበት ዘመን «የትኛው መኪና ይቆጥባል?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ናፍጣና ሃይብሪድን በወረቀት ላይ ሳይሆን በምናውቀው መንገድ እንመዝናቸው። ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝንና ማክሰኚትን አቋርጦ ይሄዳል። በዚህ መስመር የሚመላለሰው አይሱዙ፣ ቅጥቅጥና ፒካፕ በብዛት ናፍጣ ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁን ያቀጣጥላል። ይህ አሠራር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ያባክናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በ10 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት አለው። ሃይብሪድ ደግሞ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ላይ የያዘ ነው። ፍሬን ሲያዝ በሙቀት የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ መልሶ፣ መኪናው ሲነሳ ይጠቀምበታል። የተለመደው ዓይነት ሶኬት ላይ አይሰካም። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ቶዮታ ፕሪየስ ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ በ1997 (እ.ኤ.አ.) መሸጥ ጀመረ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሃይብሪድ የሚቆጥበው ቆም ቀጠል በሚበዛበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ እየቆመ ለሚውል ሰው ሁነኛ መኪና ነው። ወረታን አልፎ የፎገራን ሜዳ በእኩል ፍጥነት ሲያያዘው ግን ፍሬን የሚነካበት ምክንያት የለም፤ ጥቅሙም ይቀንሳል። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለውን ዳገት የሚጎትተው በዋናነት የቤንዚን ሞተሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ባትሪው ይሞላል፤ ግን የፕሪየስ ባትሪ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይጠግባል።

በሂሳብ እንየው። ሃይብሪዱ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር፣ የናፍጣ ፒካፑ 9 ሊትር ይፈጃሉ ብንል፣ ጎንደር ለመድረስ አንዱ 9፣ ሌላው 16 ሊትር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ፣ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ ሃይብሪዱ 21 ኪሎ፣ ፒካፑ 43 ኪሎ ይለቃል ማለት ነው። ፒካፕን ከቤት መኪና ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ፒካፑ እህል ይጭናል እኮ! እንዲያውም 18 ሊትር ናፍጣ የሚጨርስ፣ 12 ተሳፋሪ የያዘ ሚኒባስ በነፍስ ወከፍ 4 ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። ሃይብሪዱ አራት ሰው ቢይዝ እንኳን ከ5 ኪሎ በታች አይወርድም። ብቻውን የሚሄድ የሃይብሪድ ባለቤት በሚኒባስ ተሳፋሪ ላይ የሚኩራራበት ነገር የለውም።

ናፍጣ በግልጽ የሚሸነፈው በጭሱ ነው። ከጭሱ ጋር ጥቀርሻና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ያባብሰዋል። በጣና ዙሪያ፣ ወደ 1,800 ሜትር ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በቂ አየር ስለማያገኝ ነዳጁን አሟጦ አያነድም፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው። ያንን ጭስ የሚተነፍሱት ደግሞ መኪና የሌላቸው፣ እንፍራንዝ መንገድ ዳር ቆመው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። የናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን በጊዜው ማስፈተሽ፣ የአየር ማጣሪያውን መቀየር ጭሱን በደንብ ይቀንሰዋል፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ባትሪውን ያስመርምር። እንደ ፕሪየስ ባሉት ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው። አቧራ ከደፈነው ባትሪው ይግልና ዕድሜው ያጥራል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ያልሠለጠነ መካኒክ እንዳይነካቸው፤ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ይችላል፣ ይገድላሉ።

የአገራችን ፖሊሲ ግን ሁለቱንም አልፎ ሄዷል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። መብራቱ ግን የራሳችን ውኃ ነው። ከጣና የሚቀዳው የጣና በለስ ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ከካርቦን አንጻር ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና ናፍጣንም ሃይብሪድንም ይበልጣል።

መንገዱ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት ሲሞላ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ፈጣን ቻርጀር ደግሞ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለጊዜው የእኛ ግምት ይህ ነው፦ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለሚውልና ቤቱ ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሰው ኤሌክትሪክ ያዋጣል፤ ቻርጅ ማድረጊያ ለሌለው ሃይብሪድ። በእንፍራንዝ መስመር ሰውና እህል ለሚያመላልስ ደግሞ ጭሱ የተስተካከለ ናፍጣ ገና ምትክ አላገኘም።