ፎቶግራፉና ፊልሙ፦ የ1965ቱ የወሎ ረሃብና የስድስት ኪሎ ግቢ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የዘመን መለወጫ በዓል ሊገባደድ ሲል፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ ስለ ወሎ ረሃብ የሚናገር ሲሆን፣ ሥጋቸው ከአጥንታቸው ጋር የተጣበቀ ሕፃናትና ለመነሣት አቅም ያነሳቸው አረጋውያን ይታዩበት ነበር። በእነዚህ ምስሎች መካከል ግን የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ድግስና ለንጉሠ ነገሥቱ ውሾች የሚሰጥ ምግብ እየተቆራረጠ ገብቶ ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነግሯቸው በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

ስለዚያች ምሽት ብዙ ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ግን ፊልሙ ከመታየቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ የዚያው ረሃብ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ለእይታ ቀርበው የነበሩ መሆኑ ነው። የቀረቡትም በመንግሥት ቴሌቪዥን ሳይሆን በስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። አንዱን እውነት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንገድ ያየች ከተማ ከሁለቱ የተማረችው ለየቅል ነው።

ወሬው የሚቆምበት መንገድ

በዘመነ ኃይለ ሥላሴ ረሃብ ለሕዝብ ጆሮ የሚበቃ ወሬ አልነበረም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ደረሰው ረሃብ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ በ1958 ዓ.ም. በወሎ የደረሰ ረሃብ ወሬ ከሥር ተነሥቶ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲንከባለል ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጅቶበታል። ከላይ የወረደው ትእዛዝም እህል ይላክ የሚል ሳይሆን፣ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ገበሬው በችጋር ሲያልቅ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤ ይቀባበል ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ክፉው ቀን ተመልሶ መጣ። ዝናቡ ከዳ፣ አዝመራው ጠፋ፤ ገበሬው በሬውን ሸጠ፣ ዘሩን በላ፣ በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬቱ ለጥጥ እርሻ የተወሰደበት የአፋር አርብቶ አደርም ከብቱ አለቀበት። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ያመሩ ገበሬዎች በፖሊስ ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። በዚህ ሁሉ መካከል «አዲስ ዘመን»ም ሆነ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»፣ ሁለቱም የመንግሥት ጋዜጦች ናቸውና፣ የመከራውን ልክ ለአንባቢያቸው አልነገሩም። እዚህ ላይ የመንግሥቱ ጥፋት ሐሰት በመናገር ብቻ የሚገለጥ አይደለም፤ ዋናው ጥፋት ዝምታው ነበር። በወሎ የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶችና የእርዳታ ሰጪ አገሮች ተወካዮችም እያወቁ ዝም ማለታቸው በኋላ በብርቱ አስወቅሷቸዋል።

ከሕንድ የተነሡት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የወሎን ነገር በሰፊው መርምረዋል። በአገሪቱ እህል ጨርሶ አልጠፋም፤ የጠፋው የወሎ ሰው እህሉን የሚገዛበት አቅም ነበር። ሴን ኋላም ነጻ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ እንደማይደርስ ተከራክረዋል። የወሎ ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚጠቀስ የታወቀ ምሳሌ ነው።

በግቢው ውስጥ

ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ፣ ግቢው ከቤተ መንግሥትነት ወደ ሙግት አደባባይነት ይለወጣል ብለው የጠበቁ አይመስልም። ይሁንና ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘው ግጥም በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ተነቦ ነበር። በተማሪዎች ጋዜጦችና በአዳራሽ ክርክሮች መሬት ላራሹ፣ የብሔረሰቦች ጥያቄና የሕዝብ መብት ይነሡ ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደልና በማግሥቱ ወታደሮች በተማሪዎች ላይ ሲተኩሱ፣ የዚህ ንግግር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለሁሉም ታወቀ።

እንግዲህ በ1965 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ ወሎ ተጉዘው የመጡ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ሲመለሱና ፎቶግራፎቹ በግቢው ለእይታ ሲቀርቡ፣ ነገሩ ስለ አንድ አውራጃ ችግር ማሳወቅ ብቻ አልነበረም። መንግሥት የለም ያለውን ነገር አለ ማለት ነበር። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ተመልካቹ እንደ ፈቀደ ይቆምበታል፤ ወዴት ነው የተነሣው፣ መቼ ነው፣ ማን አየ ብሎ ይጠይቃል። ሄዶ ያየውም ሰው እዚያው ከተማ ያለ መምህር ነውና መልስ የሚሰጥ ባለቤት አለው። በአገሩ ጋዜጣ ያልተገኘው የእማኝነት ወግ በዚያ ግቢ ተገኘ።

ዳሩ ግን የግቢው ድምፅ ከግቢው አጥር ብዙም አልራቀም። የውጭው ዓለም የሰማው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቴምስ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን «ያልታወቀው ረሃብ» ካሳየ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙትም ከዚያ ሳምንታት ዘግይተው ነበር። ያኔ ብዙ ሰው አልቆ ነበር፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል።

የተቀጠለው ፊልም

ደርግ በዕንቁጣጣሽ ምሽት ያሳየው ይህንኑ የዲምብልቢን ሥራ ነበር፤ ግን የቤተ መንግሥቱን ድሎት ቀጥሎበት። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሐሰቱ የገባው በመቀጠያው ላይ ነው። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የወሎ ሕዝብ ያለቀው በአንድ ሽማግሌ ማዕድ ምክንያት ነው የሚል ፍርድ ያለ አንዳች ቃል ተሰጠ። የመሬት ሥሪቱ፣ ግብሩ፣ ደብዳቤውን የቀበሩት ጽሕፈት ቤቶች፣ ዝም ያሉት የውጭ ተቋማት፣ ሁሉም ከሥዕሉ ወጡ። ተመልካቹም የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም።

የሚጠይቅ አካል ግን ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና ፕሮፌሰር መስፍን የመሩት መርማሪ ኮሚሽን ማን ምን አወቀ፣ መቼ አወቀ፣ ምን አደረገ እያለ ይመረምር ነበር። ምርመራው ሳይጠናቀቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትንና የጦር መኮንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ረሃቡን አስቀድሞ ያጋለጠው ግቢ ጭር አለ።

ፊልሙን መሣሪያ ያደረገው መንግሥት ራሱ ረሃብን ደበቀ። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ በትግራይና በወሎ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ የኮረምን መከራ ለዓለም አሳዩ። የወሎ ሰው ዳግመኛ በባዕድ ካሜራ ታየ።

በ1958 ዓ.ም. የወሎ ወሬ ላይ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጀበት፤ ለብዙዎች ሞት ምክንያት የሆነው መዘግየቱ ነው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደግሞ ያው መከራ በአንድ ምሽት ፍርድ ሆኖ ተላለፈ፤ በዚያ ጥድፊያ የጠፋው ምርመራው ነው። በሁለቱ መካከል መምህራን በእግራቸው ሄደው ያዩትን ይዘው የተመለሱበትና ያየ ሁሉ «እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችልበት አንድ ወቅት ነበር። አጭር ነበር፤ ጥበቃም አላገኘም። የአገሪቱ ዕዳ ግን ከዚያ ወዲህም ያው ነው፦ ዝምታንም፣ የተቀጠለ ሥዕልንም እምቢ ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት አደባባይ እንዳይዘጋ መጠበቅ።