ሳንቶሪኒን በአራት ቀን፦ ከፎቶው በፊት ታሪኩ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ ወላጆቻችን። የዛሬ ወጣት ግን ያላየውም አገር ይናፍቀዋል፤ በስልኩ በየቀኑ ያየዋላ! ከእነዚህ አገሮች አንዷ የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ናት። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ከቤን ጉሪዮን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች የጢዩል ወሬ በተነሳ ቁጥር ስሟ ይጠራል። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኛታል። አብዛኛው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኛስ አራት ቀን ካለን እንዴት እንያት? የኔ ሐሳብ ጉዞውን በታሪኳ ቅደም ተከተል ማቀድ ነው። እንዲህ ካየናት ሳንቶሪኒ ሰዎች ደጋግመው ጥለዋት የሄዱ፣ ደጋግመውም የሰፈሩባት አገር ሆና እናገኛታለን። ይህ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለስደተኛ ልጆች እንግዳ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ደሴቷ ጥቂት እንበል። ግሪኮች ቲራ ይሏታል። ሳንቶሪኒ የሚለው ስም ከቅድስት ኢሪኒ የመጣ ሲሆን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ የመጡ ገዢዎች ያወጡላት ነው። ደሴቷ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ መሐሏ ተደርምሶ ባሕር የገባባት ናት። ይህ ጎድጓዳ ቦታ ካልዴራ ይባላል፤ ርዝመቱ 11፣ ወርዱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነዚያ ነጫጭ ቤቶች የተሠሩት በዚህ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ፣ እስከ 300 ሜትር በሚደርስ ገደል አናት ነው። የጎላንን ጥቁር ድንጋይ ያየ ሰው የእሳተ ገሞራን አፈር ያውቃል። የጎላኑ ግን አንቀላፍቷል፤ የሳንቶሪኒው ገና ነቅቶ አለ።

ዝግጅቱ እዚሁ አገራችን ውስጥ ቢጀመር መልካም ነው። ከናሃሪያ በስተምሥራቅ፣ በካብሪ አጠገብ፣ ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የከነዓናውያን ቤተ መንግሥት በቁፋሮ ተገኝቷል። ወለሉና ግድግዳው ላይ የተገኙት የሥዕል ስብርባሪዎች የኤጂያን ባሕር ደሴቶችን የሥዕል ዘዴ የተከተሉ ናቸው፤ ከሳንቶሪኒ ሥዕሎችም ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በገሊልና በእነዚያ ደሴቶች መካከል ያለው መንገድ አውሮፕላን ከመምጣቱ ከሺህ ዓመታት በፊት የተከፈተ ነው።

ቀኑን በተመለከተ እሑድ ማለዳ ገብቶ ሐሙስ መመለስ ይሻላል፤ ዓርብ ለሰንበት ተረጋግተን እንድንዘጋጅ። ወቅቱ የሚያዝያና የግንቦት፣ ወይም የመስከረምና የጥቅምት ወር ቢሆን ሙቀቱም ግፊያውም ይቀንሳል። ማረፊያውን በዋናው ከተማ በፊራ ማድረግ ወጪ ያቀላል፤ አውቶቡሶቹ ሁሉ የሚነሱት ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ እሳቱ። በጀልባ ወደ ካልዴራው መሐል፣ ወደ ኔአ ካሜኒ እንሂድ። ትርጉሙ «አዲሲቱ የተቃጠለች» እንደማለት ነው። ይህች ጥቁር ደሴት ከባሕር ብቅ ያለችው በ1707 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላም በ1866፣ በ1925፣ በ1939 እየፈነዳች አድጋለች፤ የመጨረሻው ፍንዳታ በ1950 ነበር። አፈሯ ዛሬም በቦታ በቦታው ይሞቃል፣ የድኝ ሽታም አለው። ሰንደል ጫማ አይሆንም፤ ጠንካራ ጫማ፣ ባርኔጣና ውሃ ያስፈልጋል። ከወደቡ ወደ ፊራ ስንመለስ ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ አለ። አህዮቹን እንተዋቸውና ጉልበት ያለው በእግሩ፣ ሌላው በገመድ መኪናው ይውጣ።

ሁለተኛው ቀን፦ አክሮቲሪ። የጉዞው ልብ ይህ ነው። ከዘመናችን በፊት በ1600 ገደማ ታላቁ ፍንዳታ ሲደርስ፣ በደሴቷ ደቡብ የነበረች የበለጸገች ከተማ በአመድና በፑሚስ ተቀበረች። ፑሚስ እናቶቻችን ተረከዝ የሚፍቁበት ቀላል ድንጋይ ነው። ስፒሪዶን ማሪናቶስ የተባለው ግሪካዊ አርኪዮሎጂስት በ1967 መቆፈር ሲጀምር ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ የቆሻሻ ውሃ ማስወገጃ ቦይ፣ እህል የነበረባቸው ትልልቅ እንስራዎች፣ በቀለም ያጌጡ ግድግዳዎች ተገኙ። አንድ ነገር ግን አልተገኘም፦ የሰው አስከሬን። በጣሊያን ፖምፔይ ሰዎች ባሉበት ተቀብረዋል፤ እዚህ ግን አስቀድሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ስላስጠነቀቃቸው ወጥተዋል። ፍርስራሹን ለመጥረግ ተመልሰው እንደነበር ምልክት አለ፤ አልጋዎች ተደራርበው ተገኝተዋል። ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ጥለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ፊራ ወዳለው የቅድመ ታሪክ ሙዚየም እንግባ። ከሰማያዊዎቹ ጦጣዎች ሥዕል ሌላ፣ በ1999 በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተገኘች ትንሽ የወርቅ ምስል አለች። ቀንዷ ወደ ኋላ የታጠፈ የዱር ፍየል ናት። የኤን ጌዲን ያዔል የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይለያታል፤ ከሰሜን ተራሮች አካባቢ የመጡ ወላጆቻችን ደግሞ «ዋልያ!» ይላሉ። ሰዎቹ ወርቃቸውንና ጌጣቸውን ሁሉ ይዘው ሲወጡ ይህች አንዷ ቀረች። በዚያ ማታ በእራት ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ወላጆቻችን ከመንደራቸው ሲወጡ ምን ያዙ? ምን ቀረባቸው?

ሌላም ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንዳንድ ጸሐፊዎች አሥሩን መቅሠፍትና የባሕሩን መከፈል ከዚህ ፍንዳታ ጋር ያያይዙታል። ወሬው ያስደስታል፣ ዘመኑ ግን አይገጥምም። በ2006 የታተመ ጥናት በአመዱ የተቀበረ የወይራ ቅርንጫፍ መርምሮ ፍንዳታውን ከዘመናችን በፊት ከ1627 እስከ 1600 ባለው ጊዜ አስቀምጦታል፤ ሸክላ የሚያጠኑት ደግሞ ወደ 1500 ያቀርቡታል። ከግብፅ መውጣትን በታሪክ የሚመረምሩ ብዙ ምሁራን ግን 13ኛውን ክፍለ ዘመን ይጠቅሳሉ። በመሐሉ ቢያንስ ሁለት መቶ ዓመት አለ። ኦሪትን ለማክበር ደግሞ የእሳተ ገሞራ ምስክርነት አያስፈልገንም።

ሦስተኛው ቀን፦ ጥንታዊቷ ቲራ። በካማሪና በፔሪሳ ጥቁር አሸዋዎች መካከል ሜሳ ቩኖ የሚባል ተራራ አለ። አናቱ ላይ ከፍንዳታው ብዙ ዘመን በኋላ የሰፈሩ ግሪኮች ከተማ ፍርስራሽ ይታያል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ በደሴቷ ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ፤ ከአንዲት ዛፍ በስተቀር ሁሉም ደረቀ። ከዚያ ከወንድማማች አንዱ በዕጣ እየተመረጠ ወደ ሊብያ ተላከ። ተጓዦቹ ቸግሯቸው ሲመለሱ የገዛ ወገኖቻቸው ከባሕር ዳር ሆነው እየወረወሩ አባረሯቸው። በመጨረሻም ከዘመናችን በፊት በ630 ገደማ ቀሬናን መሠረቱ። በዚያች ከተማ ከጊዜ በኋላ ትልቅ የአይሁድ ማኅበረሰብ ኖሯል። የቀሬናው ያሶን ስለ መቃብያን አምስት መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ በግሪክኛ የደረሰን ሁለተኛው የመቃብያን መጽሐፍ የእነሱ አጭር ቅጂ ነው። በዕጣ የተባረሩት ልጆች የመሠረቷት ከተማ ለአይሁድም ቤት ሆነች ማለት ነው። ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት የመግቢያ ሰዓቱንና የሚዘጋበትን ቀን እንጠይቅ፤ ጥላ የለም፣ ነፋሱም ኃይለኛ ነው።

አራተኛው ቀን፦ ከፊራ እስከ ኢያ በእግር። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዝግታ አራት ሰዓት ይበቃዋል። በገደሉ ጠርዝ ስንሄድ አመዱን ፈልፍለው የሠሯቸውን የዋሻ ቤቶች እናያለን። ዛሬ ብዙዎቹ ውድ ሆቴሎች ናቸው፣ ጥንት ግን የድሃ መኖሪያ ነበሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1956 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ 53 ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ፈራረሱ፤ ብዙ ነዋሪም ወደ አቴና ተሰደደ። ኢያ ባዶ ልትቀር ምንም አልቀራትም። የተተዉት ቤቶች እየታደሱ ለእንግዳ የተከፈቱት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። በ2025 መጀመሪያም በሺህ የሚቆጠር መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ10 ሺህ በላይ ሰው በመርከብና በአውሮፕላን ወጣ፤ ሲረጋጋም ተመለሰ። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት የባለሥልጣናቱን ማስጠንቀቂያ መከታተል የእቅዱ አካል ነው።

ኢያ ስንደርስ ፀሐይ ትጠልቃለች። አዎ፣ ፎቶውን ያን ጊዜ እናንሳ። ከቤቶቹ ጀርባ ማን እንደኖረ፣ ማን እንደሄደ፣ ማንስ እንደተመለሰ በዚያን ሰዓት እናውቃለን። እስከዚያ ግን እያንዳንዱ ተጓዥ አንድ የቤት ሥራ አለው፦ ከመነሳቱ በፊት አባቱን ወይም እናቱን፣ ካሉትም አያቱን፣ ከአገር ሲወጡ በእጃቸው ምን እንደያዙ ይጠይቅና ጽፎ ይምጣ። በሁለተኛው ማታ እናነበዋለን።