አዳም በጣና ዳርቻ ትውፊት
አዳም፦ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ሰው። የተከለከለውን ፍሬ ከመብላቱ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ሲጠየቅ ጥፋቱን በሔዋን፣ በተዘዋዋሪም እሷን በሰጠው በእግዚአብሔር ላይ ማላከኩ ነው (ዘፍ. 3፥12)።

ለባሕር ዳር ሰው ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ዘፍጥረት 2፥13 ከኤደን ወንዞች አንዱ ግዮን የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብብ ይናገራል፤ የአገሩ ትውፊትም ግዮን የሚለው በከተማዋ ጥግ ከጣና የሚወጣውን ዓባይን ነው። ምንጩ ግሽ ዓባይ ዛሬም ጠበል ነው።

በግእዝ የሚነበበው «ገድለ አዳም ወሔዋን» በውድቀቱ አያቆምም፤ ከገነት ከወጡ በኋላ ያለውን እንባና ንስሐ በስፋት ይተርካል። ትልቁ ትምህርትም እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን ሲከስ የነበረው ሰው የራሱን በደል ማልቀስ ይጀምራል። ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል፤ ቀኑ እንደ ሺህ ዓመት ስለሚታሰብ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር ባሕረ ሐሳብ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራል።