ሰማያዊና ነጭ፦ አሜሪካ የውድድር መኪና፣ አዲስ አበባ ታክሲ

ነጭ መኪና፣ ከኮፈኑ እስከ ኋላው የሚሄዱ ሁለት ወፍራም ሰማያዊ መስመሮች። ይሄ ቀለም በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው ሸልቢ ጂቲ 350 ማስታንግ ነው። መነሻው ግን ማማር አይደለም። ድሮ በመኪና ውድድር አገሮች የሚለዩት በቀለም ነበር፦ ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ አሜሪካ ነጭና ሰማያዊ። በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ዶጅ በ1968 የመኪናውን ኋላ እንደ ንብ ሆድ በመስመር ከበበው፤ ፖንቲያክ በ1973 ትራንስ አም ኮፈን ላይ ትልቅ ወፍ ለጠፈ።

እኛ ጋር ማስታንግ ብርቅ ነው። ጎፋ፣ መካኒሳ ወይ ላፍቶ ላይ አሮጌ መኪና አድሶ በራሱ ስታይል መቀባት ያማረው ወጣት የሚያገኘው ቮልስ ወይ ላዳ ነው። እዚህ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ማለት ታክሲ ነው። ቮልሳችሁን ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ብትቀቡት ጀርመን አደባባይ ላይ ሰው «ጀሞ ነው?» ብሎ እጁን ያነሳል። ትራፊክም ሊያስቆማችሁ ይችላል።

ከመቀባታችሁ በፊት፦

1. ሊብሬውን እዩ። የመኪናው ቀለም እዚያ ላይ ተጽፏል። ዋናውን ቀለም ልትቀይሩ ከሆነ መኪናው የተመዘገበበት ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ስትሸጡት ጣጣ ነው።

2. ዝገት ላይ ስቱኮ አታስለጥፉ። ዝገቱ ከስር እየበላ አዲሱን ቀለም ያስነሳዋል። መጀመሪያ ላሜራው ይሠራ።

3. መስመር ብቻ ከፈለጋችሁ በስቲከር ጀምሩ። ካስጠላችሁ ይላጣል፤ ቀለም ግን እንደገና ያስከፍላል።