ብረትን የሚያለብሰው ዚንክና የመገናኛ መሥመሮቻችን ዕድሜ



በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ስትጓዙ የቤቶቹን ጣራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙ ክረምት ያሳለፈ ቆርቆሮ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ፥ እርሱን የያዘው ሚስማር ግን ዝጎ፥ ከሥሩም ቀይ መሥመር እየወረደ የምታዩበት ጊዜ አለ። የዘነበባቸው ዝናም አንድ ነው፤ ሁለቱም ብረት ናቸው። ልዩነቱ የለበሱት ልብስ ውፍረት ነው። ይህ ነገር በጣራ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ከማንጠባጠብ አያልፍም፤ በስልክ ማማ፥ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በድልድይ ላይ ሲሆን ግን ሰውን ከሰው ይለያያል። ስለዚህ የዚህን ልብስ ታሪክና የአለባበሱን ልዩ ልዩ ስልት ባጭሩ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ብረትን በቀለጠ ዚንክ መሸፈን እንደሚቻል በ1742 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፥ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፥ እንዲሁ ናቸው) ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያስረዳው ማሉዋን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ነገሩን ለሥራ ያበቃው ግን በ1837 የባለቤትነት መብት የወሰደበት ሌላው ፈረንሳዊ ሶሬል ነው። ስሙንም ያወጣለት ከኢጣሊያዊው ሊቅ ከጋልቫኒ ወስዶ ነው፤ ዛሬ «ጋልቫናይዝድ» የምንለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። የዚንክ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ውሃንና አየርን ከብረቱ ይከለክላል። ሁለተኛው፥ ልባጡ ጥቂት ቢጫርና ብረቱ ቢገለጥ እንኳ ዚንኩ ቀድሞ ራሱን እያስበላ ብረቱን ያድነዋል። ይኸውም ለጌታው የሚሞት ታማኝ አሽከር እንደ ማለት ነው።

በአገራችን የመገናኛ መሥመር ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890ዎቹ ሐረርን ከአዲስ አበባ፥ ከ1902 እስከ 1904 ደግሞ አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኝ መሥመር ተዘረጋ። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላው፥ ሽቦውንም ሰው ለጌጥ ይቈርጠው ነበርና ጥበቃው እጅግ አድካሚ ነበር። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በኋላም በብዙ ስፍራ ብረት የእንጨትን ቦታ ያዘ። ምስጥ ብረትን አይበላም፤ ነገር ግን ብረት የራሱ ምስጥ አለው፤ እርሱም ዝገት ነው።

ይህን ጠላት ለመከላከል ብረትን ዚንክ የሚያለብሱባቸው ዋና ዋና ስልቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው በቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከር ነው። ብረቱ ከቅባትና ከዝገት በአሲድ ከጸዳ በኋላ ሙቀቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በሆነ ገንዳ ውስጥ ይገባል። በዚያም ዚንኩና ብረቱ ተዋሕደው የጸና ልባጥ ይፈጥራሉ። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ብረት ዓለም አቀፉ ደንብ የሚጠይቀው አማካይ ውፍረት 85 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፈሳሹ በቧንቧ ውስጥ ሳይቀር ስለሚገባ ለማማና ለምሰሶ ተስማሚ ነው። ሆኖም የዕቃው መጠን በገንዳው መጠን ይወሰናል።

ሁለተኛው፥ ፖላንዳዊው ሴንድዚሚር በ1930ዎቹ ያስፋፋው፥ ስስ ብረትን በጥቅል ሳያቋርጡ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የማሳለፍ ስልት ነው። ቆርቆሮ የሚሠራው በዚህ ነው። በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ በየገጹ 20 ማይክሮን ያህል ይኖረዋል። ሲቈረጥ ግን ጠርዙ ራቁቱን ይቀራል።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ኃይል መለበጥ ነው። መልኩ ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን በብሎንና በዳዶ ላይ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን አያልፍም። አራተኛው፥ እንግሊዛዊው ሼራርድ ካውፐር-ኮልስ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ያገኘው፥ ትንንሽ ዕቃዎችን ከዚንክ ዱቄት ጋር በተዘጋ በርሜል ውስጥ እያሞቁ የማሽከርከር ስልት ነው፤ የብሎንን ጥርስ ሳይደፍን በእኩልነት ያለብሳል።

እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱ። ከባሕር ጨውና ከፋብሪካ ጢስ በራቀ አገር ዚንክ በዓመት የሚያጣው በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮን በታች ሲሆን፥ በጨዋማ የባሕር ጠረፍ ግን እስከ አራት ማይክሮንና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ለስሌት እንዲመች በዓመት አንድ ማይክሮን እንበል፤ 85 ማይክሮን የለበሰው ማማ 85 ዓመት ሲቆይ፥ 8 ማይክሮን የለበሰው ብሎን በ8 ዓመት ይራቈታል። ማማውን አቁሞ የያዘው ግን ብሎኑ ነው!

መገናኛ ሲቋረጥ ምን እንደሚያስከትል የሞጣ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት በዐባይ ላይ የተሠራውና ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው የድንጋይ ድልድይ በፋሺስት ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ ተቈርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ፥ ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች እየጐተቱት ገደሉን ሲሻገር ኖረ። በ2001 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ጎርፍ እየጮኸ ይመጣል፤ ዝገት ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ በየጊዜው ሊመረመር ይገባል።

የመንግሥት ሥራ የምትሠሩ አንባቢያን ሆይ፤ የግዢ ወረቀት ስትፈርሙ «ጋልቫናይዝድ» የሚለው ቃል ብቻ አይብቃችሁ። በየትኛው ስልት? ስንት ማይክሮን? ብሎኑስ? ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃው ሲደርስም ልባጡ በመለኪያ ይለካ። አዲስ ዕቃ በክረምት እርጥበት ተደራርቦ አየር ካጣ ነጭ ዝገት ያበላሸዋልና ደረቅና ነፋሻ መጋዘን ይሰናዳለት። ከተለበጠ በኋላ የተበሳ ወይም የተበየደ ስፍራም ወዲያው በዚንክ ቀለም ይሸፈን። ዛሬ በአንዲት ብሎን ላይ የተረፈው ጥቂት ገንዘብ ነገ የአንድን ወረዳ መገናኛ ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚያስብ ሠራተኛ አገሩን በእውነት አገልግሏል።