በአንድ አንደበት፦ ሽሪዳት ራምፋልና የአፍሪካ–ካሪቢያን ውል

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 መጨረሻ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ዘጠኝ አባል አገሮች የአፍሪካን፣ የካሪቢያንንና የፓስፊክን ሚኒስትሮች ብራስልስ ላይ ተቀበሉ። ከእንግዶቹ በኩል ዋና ተናጋሪዎች ሦስት ነበሩ። ለአፍሪካ የናይጄሪያው የንግድ ኮሚሽነር ዌኒኬ ብሪግስ፣ ለፓስፊክ የፊጂው ጠቅላይ ሚኒስትር ራቱ ካሚሴሴ ማራ፣ ለካሪቢያን ደግሞ የጉያናው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሽሪዳት ራምፋል ንግግር አደረጉ። የሦስቱም ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ ወደ አውሮፓ ገበያ ያለ ቀረጥ እንግባ፣ በምላሹ ግን ገበያችንን ለአውሮፓ ሸቀጥ እንድንከፍት አንገደድ።

ይህ መስማማት በራሱ የመጣ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር ብሪታንያ ወደ ማኅበረሰቡ ስትገባ፣ ለሃያ የኮመንዌልዝ አገሮች ሦስት አማራጮች ቀርበውላቸው ነበር፤ እያንዳንዱም የሚበጀውን መርጦ ለብቻው እንዲዋዋል ይጠበቅ ነበር። በሌላ ወገን አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ የአፍሪካ አገሮች ከ1963 ጀምሮ በያውንዴ ስምምነት ከአውሮፓ ጋር ተሳስረው ነበር። እነሱ ደግሞ አዲስ መጤዎቹ እርዳታውን ይሻሙናል ብለው ይሰጉ ነበር። የኮትዲቯርና የካሜሩን ሙዝ በፈረንሳይ ገበያ፣ የጃማይካ ሙዝ በብሪታንያ ገበያ ከለላ ነበረው። ሁለቱ ገበያዎች ሲቀላቀሉ ኪንግስተንና አቢጃን ተፎካካሪ እንጂ አጋር የሚሆኑበት ምክንያት ለማንም አይታይም ነበር። እነዚህን አገሮች አንድ በአንድ ጠርቶ ማዋዋል ለአውሮፓ እጅግ ቀላል በሆነ ነበር።

ራምፋል በ1928 በብሪቲሽ ጉያና ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በውል ሠራተኛነት ከህንድ የመጡ ሴት ነበሩ። ራምፋል ለንደን ሕግ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የምዕራብ ህንድ ደሴቶች ፌዴሬሽን ሲመሠረት በሕግ ሹመት አገልግለዋል፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስም በቅርብ አይተዋል። ትንንሽ አገሮች ሲበታተኑ ምን እንደሚደርስባቸው ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር አልነበረም። በነሐሴ 1972 የገለልተኛ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በጉያና ዋና ከተማ ጆርጅታውን ሲሰበሰቡ አስተናጋጁ እሳቸው ነበሩ። ለዚያ ጉባኤ በከተማዋ መሀል የቆመው መታሰቢያ የአራት መሪዎችን ሐውልቶች ይዟል፤ ናስር፣ ንክሩማህ፣ ኔህሩና ቲቶ። ከአራቱ ሁለቱ ከአፍሪካ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በእኔ እምነት ከአንድ ዓመት በኋላ ለመጣው የብራስልስ አቋም መንገዱ የተጠረገው እዚያ ነው።

የአፍሪካ ወገን የራሱን ጭቅጭቅ ቀድሞ መጨረስ ነበረበት። የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት ሴንጎር ለአውሮፓ ሸቀጥ አጸፋ መስጠት ተገቢ ነው የሚል አቋም ነበራቸው፤ ናይጄሪያ ደግሞ ይህን ፈጽሞ አልተቀበለችም። ሚኒስትሮቹ በግንቦት 1973 አቢጃን ላይ ተነጋገሩ፤ በዚያው ወር አዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤም ስምንት መርሆችን አጸደቀ። ከነዚህ የመጀመሪያው አጸፋ ያለመጠየቅ ነበር። ካሪቢያኖቹ እነዚህን መርሆች እንደራሳቸው አድርገው ይዘው ቀረቡ። ሌላ ሰነድ ቢያዘጋጁ ኖሮ ለየራሳቸው ጥቅም የሚስማማ ነገር ሊያስገቡ ይችሉ ነበር፤ ያን አለማድረጋቸው ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ውሳኔ ነው።

በጥቅምት መደበኛው ድርድር ሲከፈት ሦስቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። አምባሳደሮቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተከራክረው ይስማማሉ፤ ከዚያ ከአውሮፓውያኑ ፊት አንድ ሰው ለሁሉም ይናገራል። በዚህ ሥራ የናይጄሪያው አምባሳደር ኦሉ ሳኑ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚያው ወር የአረብ ነዳጅ አምራቾች ምርታቸውን ሲቀንሱ፣ አውሮፓ ስለ ጥሬ ዕቃ አቅርቦቷ መጨነቅ ጀመረች፤ የተደራዳሪዎቹም ጉልበት ጨመረ።

በሐምሌ 1974 ሁለቱ ወገኖች በሚኒስትር ደረጃ ኪንግስተን ላይ ሲገናኙ ስታቤክስ የተባለው ዘዴ መልክ ያዘ። የጥሬ ምርት ዋጋ ወይም መጠን ወድቆ የአንድ አገር የወጪ ንግድ ገቢ ሲቀንስ ጉድለቱን የሚደጉም ፈንድ ነበር። ቡናና ቆዳ በዝርዝሩ ውስጥ ስለነበሩ ነገሩ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት ነበር። ኢትዮጵያ የያውንዴም የኮመንዌልዝም አባል አልነበረችም፤ እንደ ላይቤሪያና እንደ ሱዳን ሁሉ ልትገባ የቻለችው አፍሪካ በጋራ በመቅረቧ ነው። ድርድሩ ሲጀመር ዙፋኑ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ሲፈረም ሥልጣኑ በደርግ እጅ ነበር፤ የኢትዮጵያ ተሳትፎ ግን አልተቋረጠም።

ስኳር ከሁሉ ያስቸገረ ጉዳይ ነበር። የኮመንዌልዝ የስኳር ስምምነት በ1974 መጨረሻ ያበቃል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ወጥቶ ነበር። አምራቾቹ ለጊዜው በዓለም ገበያ ብዙ ማትረፍ ይችሉ ነበር። በጃማይካው ሚኒስትር ፒ. ጄ. ፓተርሰን መሪነት የመረጡት ግን የረዥም ጊዜ ዋስትናን ነው። አውሮፓም በየዓመቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ስኳር በተረጋገጠ ዋጋ ልትገዛ ተስማማች። ትልቁ ድርሻ ለአፍሪካዊቷ ሞሪሺየስ ደረሰ፤ ጉያና፣ ጃማይካና ባርቤዶስም የየራሳቸውን አገኙ። የዓለም ዋጋ ብዙም ሳይቆይ ሲወድቅ የምርጫቸው ብልህነት ታየ። ይህ የስኳር ውል እስከ 2009 ዘለቀ።

የካቲት 28 ቀን 1975 ሎሜ ላይ 46 አገሮች ከአውሮፓ ጋር የተደራደሩበትን ውል ፈረሙ፤ 37 ከአፍሪካ፣ 6 ከካሪቢያን፣ 3 ከፓስፊክ። አጸፋ የመስጠት ግዴታው ቀረ። በንግድ ቁጥር ሲለካ ግን ውጤቱ አያስፎክርም፤ የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ ቡድን አገሮች ድርሻ ከአውሮፓ የውጭ ግዢ በ1976 ከነበረበት 6.7 በመቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዷል። ገበያ መከፈቱ ብቻውን የሚሸጥ ነገር አልፈጠረም፤ አገሮቹ ያቀርቡት የነበረው ያንኑ ቡና፣ ካካዎና ስኳር ነበር። ሎሜን ያለ ልክ የሚያወድሱ ጸሐፊዎች ይህን ሊያልፉት አይገባም።

ራምፋል ጉድለቱ የት እንዳለ ገና ከመጀመሪያው የተረዱት ይመስለኛል። አውሮፓ ፊት ለፊት ስትቀመጥ የተገኘው አንድነት፣ አውሮፓ ከጠረጴዛው ስትነሣ ሊበተን ይችል ነበር። ከፊርማው ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 6 ቀን 1975፣ የቡድኑ ሚኒስትሮች ጆርጅታውን ላይ ሌላ ውል የፈረሙት ለዚህ ነው። በዚህኛው ውል አውሮፓ የለችበትም። ቡድኑን ቋሚ ድርጅት አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤትና የአምባሳደሮች ኮሚቴ አቋቋመ፤ አባል አገሮች እርስ በርሳቸው በንግድ፣ በኢኮኖሚና በባህል እንዲቀራረቡም ዓላማ አደረገ። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የማሊው ቲዬውሌ ኮናቴ ሆኑ። ራምፋል ግን በሚቀጥለው ወር የኮመንዌልዝ ዋና ጸሐፊ ሆነው ወደ ለንደን ሄዱ፤ እዚያም 15 ዓመት ቆዩ።

ከሁለቱ ውሎች የጆርጅታውኑ እጅግ አዝግሟል። በ1977 በፊጂዋ ሱቫ የእርስ በርስ ትብብር መርሐ ግብር ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን ጥቂቱ ነበር። መርከቡም፣ ባንኩም፣ አውሮፕላኑም በለንደንና በፓሪስ በኩል መመላለሱን ቀጠለ። የአፍሪካና የካሪቢያን መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለትዮሽ ጉባኤ ያደረጉት በመስከረም 2021 በኢንተርኔት ነው። በ2023 የአፍሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በባርቤዶሷ ብሪጅታውን ቢሮ ከፈተ። ሁለተኛው ጉባኤ በመስከረም 2025 አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ራምፋል በነሐሴ 2024 በ95 ዓመታቸው ካረፉ አንድ ዓመት አልፎ ነበር፤ በጉባኤው አጀንዳም የሁለቱ ወገኖች ቀጥተኛ ንግድና ትራንስፖርት ይገኝበት ነበር።