ከሙክደን እስከ ካልኪን ጎል

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1931 ሌሊት፣ በማንቹሪያ ሙክደን ከተማ አጠገብ በባቡር ሐዲድ ላይ የፈነዳው ድማሚት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ባቡር በዚያው ሐዲድ ላይ አልፎ ሄዷል። ያጠመዱት መስመሩን እንዲጠብቁ እዚያ የሰፈሩት የጃፓን የኳንቱንግ ጦር መኮንኖች ናቸው። ጥፋቱን በቻይናውያን አላከኩና በማግስቱ ከተማዋን ያዙ። ሴራውን ሲጠነስሱ የቶኪዮን መንግሥት ፈቃድ አልጠየቁም፤ መንግሥቱም አልቀጣቸውም። ወራት ሳይቆዩ ማንቹሪያ በሙሉ በጃፓን እጅ ገባች፤ ከዙፋኑ የወረደው የመጨረሻው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ፑ ዪም «ማንቹኩዎ» ለተባለው የአሻንጉሊት መንግሥት ራስ ሆኖ ተቀመጠ።

ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ በእንግሊዛዊው ሎርድ ሊተን የሚመራ አጣሪ ቡድን ላከ፤ ቡድኑ አገር ለአገር ዞሮ ሪፖርቱን እስኪያቀርብ አንድ ዓመት አለፈ። በፌብሩዋሪ 1933 ሪፖርቱ ለድምፅ ሲቀርብ 42 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመችው ጃፓን ብቻ ነበረች። ልዑኳ ማትሱኦካ አዳራሹን ረግጦ ወጣ፤ አገሩም ከማኅበሩ ወጣች። ሌላ የደረሰባት ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ እስከ 1939 የተካሄዱትን ጦርነቶች ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ለዋናው፣ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ ማሟሟቂያ ያዩዋቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተንቤንና በናንጂንግ ያለቀው ሰው የራሱን ሙሉ ጦርነት ነው የተዋጋው፤ በፖላንድ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጦርነቶቹን የሚያያይዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያንኑ መሣሪያና ያንኑ ሰበብ፣ አንዳንዴም ያንኑ ሰው ካንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሲሻገር እናገኘዋለን። ሁሉም አልተያያዘም፤ ቦሊቪያና ፓራጓይ በቻኮ በረሃ ከ1932 እስከ 1935 የተላለቁበት ጦርነት ከባድ ቢሆንም ከዚህ ሰንሰለት ውጪ ነው።

የእኛው ጦርነት ግን የሰንሰለቱ መካከለኛ ቀለበት ነው። የወልወል ግጭት፣ የመረብ መሻገር፣ ማይጨው ለአማርኛ አንባቢ ተደጋግመው ስለተተረኩ ከሜዳው ውጪ በነበረው ላይ ላተኩር። (የኢትዮጵያን ቀኖች በራሳችን፣ የሌሎቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ማኅበሩ በዚህ ጊዜ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈርጆ ማዕቀብ ጥሏል። ማዕቀቡ ግን ጦሩን ሊያቆም የሚችለውን አንድ ነገር፣ ነዳጅን፣ ሳይነካ አለፈ፤ የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን የጦር መርከቦች ክፍት ሆኖ ሰነበተ። እንግሊዛዊው ሆርና ፈረንሳዊው ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለሙሶሊኒ አስረክበው ነገሩን ሊዘጉ መስማማታቸው በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ ሆር ከሥልጣን ወረደ፤ ፖሊሲው ግን አብሮት አልወረደም።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው የሂትለር ሥራ ነው። በ1935 ጀርመን ለኢትዮጵያ በድብቅ የጦር መሣሪያ አቅርባለች። ለጥቁር ሕዝብ ነጻነት ተቆርቁሮ እንዳልሆነ መናገር አያሻም። በጁላይ 1934 የኦስትሪያው መሪ ዶልፉስ በናዚዎች ሲገደል ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ብሬነር መተላለፊያ አስጠግቶ ሂትለርን «ኦስትሪያን እንዳትነካ» ብሎ አስፈራርቶት ነበር። ጣሊያን በኢትዮጵያ ተራሮች በቆየች ቁጥር የኦስትሪያ በር ያለ ዘበኛ ይቀራል። ስሌቱ ሠራ። የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. (ማርች 7 ቀን 1936)፣ የሽሬ ውጊያ ካበቃ ሳምንት ሳይሞላ፣ የጀርመን ወታደሮች ከጦር ነጻ ወደ ነበረው ራይንላንድ ገቡ። የሎካርኖ ውል ዋስ የነበረችው ጣሊያን ጣቷን አላነሣችም፤ ፈረንሳይና እንግሊዝም ሙሶሊኒን እንዳያስቀይሙ ተጠንቅቀው የነዳጁን ማዕቀብ ይበልጥ ሸሹት። በዚያው ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች፣ አገራቸው በ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል የፈረመችበትን የመርዝ ጋዝ እገዳ ጥሰው፣ በሰሜን ጦር ላይ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ብሬነር ላይ የተንቀሳቀሰ ወታደር አልነበረም።

በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ጁላይ 15 ቀን 1936 ተነሣ። በሁለተኛው ቀን በስፔን ሞሮኮ የሰፈሩ መኮንኖች በሪፐብሊኩ ላይ አመፁ። የአመፀኛው ጄኔራል የፍራንኮ ምርጥ ጦር ባሕሩን መሻገር አቅቶት ሞሮኮ ላይ ተገትሮ ሳለ ያሻገሩት የጀርመን ዩንከርስ አውሮፕላኖች ናቸው። ሙሶሊኒም ከአዲስ አበባ ድል ሳይበርድ ብዙ ሺህ ወታደርና ከ700 በላይ አውሮፕላን ወደ ስፔን ላከ፤ ስታሊን በበኩሉ ታንክና አብራሪ ለሪፐብሊኩ ሰጠ። ለንደን ውስጥ ደግሞ «ጣልቃ ያለመግባት ኮሚቴ» ይሰበሰብ ነበር፤ ጀርመን፣ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት ሦስቱም አባላቱ ነበሩ።

በማርች 1937 ጓዳላኻራ ላይ የሙሶሊኒ ጦር ሲሸነፍ ከፊቱ ከቆሙት መካከል ጣሊያናውያን ነበሩ፤ በጋሪባልዲ ስም የተሰየመው የፀረ ፋሽስቶች ሻለቃ። ከመሪዎቹ አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ የሊቮርኖ ኮሙኒስት፣ በኋላ ሱዳንን አቋርጦ ጎጃም ገባ፤ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ከአርበኞች ጎን ተሰለፈ። ሦስቱ «ጳውሎስ»፣ «ጴጥሮስ» እና «ዮሐንስ» በሚሉ የምስጢር ስሞች ይጠሩ ነበር፤ ጳውሎስ ባሮንቲኒ ነው። ለኢትዮጵያ ሊዋጉ ፈልገው መንገድ ያጡ ጥቁር አሜሪካውያንም በተቃራኒው አቅጣጫ ስፔን ሄደው ያንኑ ጠላት ገጠሙ።

አፕሪል 26 ቀን 1937 የጀርመኑ ኮንዶር ሌጌዎን የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን ደበደበ። ከስፔን ጀርመኖች ብዙ ተምረዋል፤ ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸውን በአራት በአራት ማሰለፍን የቀመሩት እዚያ ነው። ሌሎቹ ግን የተሳሳተ ትምህርት ወሰዱ። ጣሊያኖች ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላናቸው ስለቀናው ሌላ ባለ ድርብ ክንፍ ሠርተው ወደ 1940 ገቡ። ሶቪየቶች ደግሞ በስፔን የታንክ አዛዥ የነበረውን የጄኔራል ፓቭሎቭን አስተያየት ተቀብለው በኖቬምበር 1939 ትልልቅ የታንክ ኮሮቻቸውን በተኑ።

በስፋትና በሞት ከሁሉ የከፋው ግን እኛ በጥቂቱ የምናውቀው የቻይናው ነው። ጁላይ 7 ቀን 1937 በቤጂንግ አቅራቢያ በማርኮ ፖሎ ድልድይ የተጀመረው ተኩስ ወደ ሻንጋይ ተዛመተ። እዚያ ሦስት ወር ከተዋጉ በኋላ ዲሴምበር 13 ናንጂንግ ወደቀች፤ እልቂትና መደፈር ተከተለ። በጁን 1938 ጃፓኖችን ለመግታት የቻይና ጦር ራሱ የቢጫውን ወንዝ ግድብ አፈረሰ፤ ጎርፉና ያስከተለው ረኃብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የራሱን ሕዝብ ጨረሰ።

አውሮፓ ውስጥ ድንበር ያለ ተኩስም ይቀየር ነበር፤ ቼኮስሎቫኪያ መጀመሪያ በሙኒክ ስምምነት ተቆረሰች፣ ከዚያ ሂትለር ፕራግን ያዘ። አፕሪል 7 ቀን 1939 ጣሊያን አልባኒያን ወረረች፤ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የተባለው ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ የአልባኒያንም ዘውድ ደረበ።

የመጨረሻው ውጊያ በሞንጎሊያ ሜዳ፣ በካልኪን ጎል ወንዝ ዳር ነው። ያ የኳንቱንግ ጦር አሁንም ከቶኪዮ ቀድሞ ድንበር ገፋ። በዚህ ጊዜ ግን ያገኘው አጣሪ ቡድን አልነበረም። ዡኮቭ የሚባል እስከዚያ ስሙ ያልገነነ የሶቪየት አዛዥ ኦገስት 20 ቀን 1939 በታንኮች ከግራና ከቀኝ ከበበው። በሦስተኛው ቀን ሞስኮ ከበርሊን ጋር ላለመዋጋት ተዋዋለች፤ ጃፓንን በአንድ ሳምንት ጦሯም አጋሯ ጀርመንም ከዷት። ወደ ሰሜን የመስፋፋት ሐሳብ የነበራቸው መኮንኖቿ ድምፃቸው ደከመ፤ የደቡቡን ባሕር የሚያዩት በረቱ። ስታሊን ፖላንድን ለመካፈል ምሥራቁ ጸጥ እስኪል ጠበቀ። የተኩስ አቁሙ ሴፕቴምበር 16 ሥራ ላይ ዋለ፤ በማግስቱ የሶቪየት ጦር የፖላንድን ድንበር ተሻገረ።